መሸኛው ላይ ያልተጻፈው

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ድምፄ የሚያስተጋባ ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ። መጋረጃ ገና አልሰቀልንም። ምንጣፉም እንደተጠቀለለ ጥግ ይዞ ቆሟል። ልጄ ተኝቷል። እኔ ሳሎን መሬት ላይ ካርቶን ተደግፌ ነው የምቀዳው። ካርቶኑ ላይ «ወጥ ቤት» ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ ያለው ግን ጫማ ነው። እንግዲህ ከዚህ ገምቱ።

ሁለት ወር ሙሉ የጠፋሁት ቤት ስቀይር ነው። ቤት ብቻ ቢሆን ሁለት ሳምንትም ይበቃኝ ነበር። የቆያችሁ አድማጮች እንደምታውቁት ልጄ ኦቲዝም አለበት። ስምንት ዓመቱ ነው። ቤት ስንቀይር ትምህርት ቤትም መቀየር ነበረብን። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ነው።

የወጣነው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። አከራያችን መልካም ሴት ናቸው። አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» አሉኝ። ይህቺን ነገር አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የእሳቸው ግን እውነት ነበር፤ ልጅየው መጣ፣ አየሁት። አምስት ዓመት በሰላም ኖሬ በጭቅጭቅ መውጣት አልፈለግኩም። አዲሱን ቤት ስከራይ ግን የኪራይ አዋጁን አንብቤ ነው የሄድኩት። 1320/2016 የሚባለውን። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ሌላው ሰው ገንዘቡን ያያል። እኔ ያየሁት ሁለት ዓመቱን ነው። ለእኔ ሁለት ዓመት ማለት ልጄ ሁለት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ይረጋል ማለት ነው።

ስህተቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቤት ያዝኩ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ፈለግኩ። ደላላው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ አሳየኝ። ዋጋው ተስማማኝ። «ትምህርት ቤትስ?» አልኩት። «እህቴ፣ እዚህ ትምህርት ቤት እንደ ሱቅ ነው» አለኝ። ቀብድ ሰጠሁ። እውነቱን ነው ደግሞ፣ ሞልቷል። ማንን እንደሚቀበሉ እሱ ምን ያውቃል።

የመጀመሪያው የግል ትምህርት ቤት በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። ፀሐፊዋ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስድስት ቦታ እንዳለ ነገረችኝ። ስድስት፣ በጣቷ ጭምር። ከዚያ ለኢንተርቪው ገባን። መምህሯ ደስ የምትል ልጅ ናት። ጎንበስ አለችለትና «ስምህ ማን ነው?» አለችው።

«ስምህ ማን ነው» አላት።

በራሷ ድምፅ፣ በራሷ ዜማ። ሳቀች፤ የሚቀልድ መስሏት። «ስንት ዓመትህ ነው?» አለችው። «ስንት ዓመትህ ነው» አላት። አሁን አልሳቀችም። ባለሙያዎቹ ኢኮላሊያ ይሉታል። እኛ ቤት ገደል ማሚቶ ነው የምንለው። ልጄ ጥያቄው ይገባዋል። መልሱ ግን ከጥያቄው ጋር ተጣብቆ ነው የሚወጣበት። ይህን ላስረዳት ስጀምር ዳይሬክተሩ መጡ። «እናት፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። ብቻ ቦታው ሞልቶብናል» አሉኝ። ስድስቱ ቦታ በሃያ ደቂቃ ሞላ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ላይ ኦቲዝሙን ደበቅኩ። አዎ፣ ደበቅኩ። «ዓይን አፋር ነው» አልኩ። ይህን የምነግራችሁ እንድትፈርዱብኝ አይደለም፤ ብትፈርዱም ግን ይገባኛል። ምዝገባ ልከፍል ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ መስከረም ታየኝ። የመጀመሪያው ቀን ታየኝ። ደወሉ፣ ሰልፉ፣ ማይኩ። ልጄ ጆሮውን ይዞ ሲሮጥና ማንም ለምን እንደሚሮጥ ሳያውቅ። ከወረፋው ወጣሁ። ጥበቃው «ምን ረሱ?» አለኝ። ምን ልበለው?

የኦቲዝም ማዕከላት ጋም ደውያለሁ። ከልጄ ልደት ጀምሮ ይህን ታሪክ በልቤ ይዤዋለሁ፦ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ቢሏቸው፣ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ። ከዚያ በፊት ሙያቸው የውበት ሥራ ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ ልጅ እርግማን እየተባለ ጓዳ ይዘጋበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም መጣ። ሁለቱም የብዙ ቤት መብራት ናቸው። ነገር ግን የሚፈልገው ሰውና ያለው ቦታ የሚመጣጠን አይደለም። ቤት የምለቅበት ቀን ደግሞ ተቆርጦ ነበር።

በመጨረሻ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለምን መጨረሻ ላይ እንደሄድኩ ራሴን ጠይቄያለሁ። ኩራት ነው መሰለኝ። ልጁን የግል ያስተማረ ሰው ወደ መንግሥት ሲመለስ የወረደ ይመስለዋል። እዚያ ግን የልዩ ፍላጎት መምህርት አለች፣ በሙያው የተማረች። አካቶ ትምህርት የሚለውን ቃል፣ እንደ ልጄ ያለውን ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ላይ ማስተማር ማለት ነው፣ ሳላብራራላት ቀድማኝ አለችው። ርዕሰ መምህሩም «መሸኛ ይዘው ይምጡ» አሉኝ። እምቢ አላሉም! መሸኛ ይዘሽ ነይ የተባለ ሰው ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው፣ በእኛ አገር።

እንግዲህ መሸኛ። ሁለት ነው የሚያስፈልገው። አንዱ ከወረዳ ነው፤ ነዋሪነቴ ከዚያኛው ወጥቶ ወደዚህኛው እንዲገባ። ሌላው ከቀድሞው ትምህርት ቤት። የወረዳውን አልፈዋለሁ፤ «ሲስተም የለም» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የትምህርት ቤቱን ግን ባጃጅ ውስጥ ከፍቼ አነበብኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ አማካይ ውጤት፣ ፀባይ። ፀባይ ላይ «ጥሩ» ይላል። ማኅተም አለው። አለቀ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የቀድሞዋ መምህሩ ስለ ልጄ ያወቀችው ነገር የት አለ? እሷ ጭንቅላት ውስጥ። እኔ ዕቃዬን ሁሉ እስከ ምጣዴ ድረስ በአይሱዙ ጭኜ ስሄድ፣ ያ እውቀት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሊቀር ነው። ሐኪም ቤት ብትቀይሩ ካርዳችሁ አለ። ለእንደ ልጄ ዓይነት ተማሪ እንዲህ ያለ ካርድ ማንም አልሰጠኝም።

ባጃጁን አስመለስኩት።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው። መምህሯ የፈተና ወረቀት እያሰረች ነው። «ሚስዬ፣ አዲሷ መምህር ምን ማወቅ አለባት? ንገሪኝና ልጻፍ» አልኳት። በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። የተራረፈ የፈተና ወረቀት ሰጠችኝ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ስምህ ማን ነው አይበሉት። ስሜ ብለው ይጀምሩለት፣ እሱ ይጨርሰዋል።» እንዴ! እናቱ ነኝ፣ ይህን አላውቅም ነበር።

«ሰልፍ ላይ ማይኩ አጠገብ አያቁሙት። መጨረሻ ላይ፣ ግንብ ተደግፎ ከሆነ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይቆማል።»

«ሲሮጥ አይጩሁበት። የሚሮጠው ቧንቧው ጋ ነው። ውሃውን ትንሽ ያያል፣ ይመለሳል። በሩ ግን ይዘጋ።»

«ወጡና እንጀራው ከተነካካ አይበላም። ወተት አይጠጣም።»

«ሥራ ከማስቀየር በፊት አምስት ጣት ያሳዩት። አንድ አንድ እያሉ ያጥፉ።»

ከዚያ ዝም አለችና «ደግሞ ያቺ ልጅ» አለች። የቷ ልጅ? «እርሳሱን የምትቀርጽለት። እሷ ካልቀረጸችለት አይጽፍም እኮ። ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ ናት።»

ጓደኛ እንዳለው አላውቅም ነበር። ልጄ ቤት ሲገባ ስለ ውሎው አያወራም። እኔ ስለ ፎቁና ስለ ኪራዩ ሳስብ፣ ከአንዲት እርሳስ ከምትቀርጽ ልጅ ልለየው እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህ ምን ተብሎ ይጻፋል? አልጻፍኩትም። ስሟን ብቻ ጠየቅኩና ለራሴ ያዝኩት። አሁንም እየፈለግኳት ነው፤ የእናቷን ስልክ አግኝቻለሁ።

ቤቱን ለማላመድ ሦስት ቅዳሜ ታክሲ ይዘን ባዶውን ቤት ሄደን ነበር። ደረጃውን ይቆጥራል፤ ሰባ ሁለት ነው። አራተኛ ፎቅ መከራየቴ ሌላ ስህተት ነው። በረንዳው ላይ ፍርግርግ ብረት እስካሠራ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕቃ የተጫነ ዕለት አያቱ ጋ አሳደርኩት። የጫኝና አውራጅ ጩኸት ለእኔም አልሆነልኝ። ዋጋው ላይ የተባባልነው ነገር ራሱን የቻለ ኤፒሶድ ይወጣዋል፤ ይቅር። አልጋው መጨረሻ ተጭኖ መጀመሪያ ወረደ። አንሶላውን ሆን ብዬ አላጠብኩትም፤ የድሮው ቤት ሽታ እንዲኖረው። እናቴ ጉድ አለች። ግን የመጀመሪያዋን ሌሊት ተኛ።

መስከረም ላይ ያቺን ወረቀት ለአዲሷ መምህር ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ሁለቴ። ከዚያ ልጄ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ዓይኑን አላየችውም፤ ጎን ለጎን ሆና ሜዳውን እያየች «ስሜ…» አለች።

ስሙን ነገራት። እስከ አያቱ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንዳልላችሁ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ተማሪ አለ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ልጅ ነክሷል፤ የልጁን እናት ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። የትምህርት ቤቱ ምገባ ምሳ ወጥና እንጀራ የተነካካ ነው፤ ስለዚህ ምሳውን ከቤት ነው የምቋጥረው፣ እንጀራው ለብቻ፣ ሽሮው ለብቻ። ግማሽ ቀን ብቻ የሚቆይበት ቀንም አለ። እኔም ከሥራ ስንቴ እንዳስፈቀድኩ አለቃዬ ይቁጠር።

ባለፈው ሳምንት መምህሯ ወረቀቱን ኮፒ ላድርገው ብላ ወስዳው መለሰችልኝ። «ወተት አይጠጣም» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛዋለች። ከጎኑ «ይጠጣል፣ ክዳን ባለው ኩባያ ከሆነ» ብላ ጽፋለች። ስምንት ዓመት ወተት አይወድም ብዬ ነው የኖርኩት። ወተቱን ማየቱ ነው ለካ የሚያስጠላው።

ቆይ… ሰማችሁ? ውሃ መጣ። በእኛ ፈረቃ በዚህ ሰዓት ነው የሚመጣው። ሮቶው ሲሞላ የሚያሰማውን ድምፅ በጣም ይወዳል፤ ከሰማ ደግሞ እስኪሞላ አይተኛም። ሄጄ የመኝታ ቤቱን በር ልዝጋ። ቻው።