በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የሚካሄደው ሙግት

የተከበራችሁ የበጎ ፈቃድ አርታኢዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፣

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ልታዳምጡኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው በዊኪፔዲያ የአገሮች ገጾች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስለሚካሄድ፣ ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ጉንጭ አልፋ ስለሚመስል አንድ ሙግት ነው። ጆርጂያ የአውሮፓ አገር ናት ወይስ የእስያ? ቆጵሮስስ? ኢስቶኒያ ከነላትቪያና ሊትዌኒያ ጋር ከባልቲክ አገሮች ትቆጠር ወይስ ከነስዊድንና ፊንላንድ ጋር ከኖርዲክ? ሮማኒያ ባልካን ውስጥ ናት ወይስ ከባልካን ውጭ? ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተመሠረተ ወዲህ እነዚህ ጥያቄዎች በውይይት ገጾቹ ላይ በረዱ ሲባል እንደገና ይቀጣጠላሉ።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው እንዲህ ነው። አንድ ሰው የአንዲት አገር ገጽ ውስጥ ይገባና «ምዕራብ እስያ» የሚለውን ሰርዞ «ምሥራቅ አውሮፓ» ብሎ ይጽፋል። የለውጡ ምክንያት በሚሞላበት ጠባብ ሣጥን ውስጥ «ስሕተት ታርሟል» ይላል። ሌላ አርታኢ «ምንጭ የለውም» ብሎ ይቀለብሰዋል። የመጀመሪያው ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ የሚጽፈው ቁጣ ነው። እንደገና ይቀለበሳል። በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መቀልበስን የሚከለክል ደንብ አለ፤ በእልህ የገባ ሰው ግን ደንቡን የሚያውቀው ከታገደ በኋላ ነው። ገጹ ይቆለፋል፣ ሰውየው ይወጣል፣ ጸጥታ ይሰፍናል።

እኔን የሚቆጨኝ ይህ ጸጥታ ነው። በአንድ ሐረግ ተጣልቶ የወጣው ሰው የአገሩን ወንዞች፣ ገዳማት፣ ገጣሚያን፣ የከተሞቹን ታሪክ ከማናችንም በላይ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። እነዚያን ገጾች ሊጽፍልን ይችል ነበር።

ደግሞስ ለምን ይህን ያህል ይቆጣል? እ.ኤ.አ. በ1999 የያኔው የጆርጂያ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ዙራብ ዥቫኒያ በስትራስቡርግ በአውሮፓ ምክር ቤት ፊት ቆሞ «እኔ ጆርጂያዊ ነኝ፤ ስለዚህም አውሮፓዊ ነኝ» አለ። አገሩ በዚያው ዓመት የምክር ቤቱ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢስቶኒያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በኋላም ፕሬዚዳንት የሆኑት ቶማስ ሄንድሪክ ኢልቬስ ስቶክሆልም ላይ ኢስቶኒያን የኖርዲክ አገር አድርገው የሚያቀርብ ንግግር አደረጉ። ሁለቱም አገሮች ከሶቭየት ኅብረት ከወጡ ገና አሥር ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እንዲህ ላለ አገር ሰው ከማን ጋር ትቆጠራለህ የሚለው ጥያቄ በክፉ ቀን ማን ይደርስልሃል ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። በገጻችን ላይ ሁለት ቃል ሲቀየር ዝም ብሎ ማለፍ ቢያቅተው አልፈርድበትም።

ታዲያ ማን እውነቱን ይንገረን? አንዳንዶች ካርታው ይፍረድ ይላሉ። ካርታው ራሱ አልተስማማም። በካውካሰስ በኩል የአውሮፓና የእስያ ወሰን የት ያልፋል ቢባል አንዱ ከተራሮቹ በስተሰሜን ባለው የኩማ-ማኒች ረባዳ መሬት ላይ ያሰምረዋል፤ ያኔ ጆርጂያ ሙሉ በሙሉ እስያ ውስጥ ትሆናለች። ሁለተኛው በታላቁ ካውካሰስ ተራሮች አናት ላይ ያሰምረዋል፤ ያኔ ከሰሜናዊ ጥጎቿ በስተቀር አብዛኛው ምድሯ በእስያ በኩል ይቀራል። ሦስተኛው ሶቭየት ኅብረት ከቱርክ ጋር የነበራትን ድንበር ይከተላል፤ ያኔ ደግሞ መላዋ አውሮፓ ናት። የአውሮፓ ከፍተኛ ተራራ ማን ነው የሚለው እንኳ በዚሁ መስመር ይወሰናል፤ መስመሩ በካውካሰስ ተራሮች አናት ካለፈ 5,642 ሜትር ከፍታ ያለው ኤልብሩስ ነው፣ ወደ ሰሜን ከወጣ በአልፕስ ተራሮች ያለው ሞን ብላን ይሆናል። ተራራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይፍረድ ይላሉ። እዚህ ላይ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ የክርክሩ ቋጠሮ የሚፈታው እዚህ ይመስለኛልና። የድርጅቱ የስታቲስቲክስ ክፍል ጆርጂያን በምዕራብ እስያ ይመድባል። በዚያው ድርጅት፣ ለምክር ቤቶች መቀመጫ ምርጫ ሲደረግ፣ ጆርጂያ የምሥራቅ አውሮፓ ቡድን አባል ናት። ኢስቶኒያ በስታቲስቲክሱ ሰንጠረዥ ሰሜን አውሮፓ፣ በምርጫው ቡድን ምሥራቅ አውሮፓ ናት። ቆጵሮስን ተመልከቱ። ከቱርክ ጠረፍ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከሶርያም ከ100 ኪሎ ሜትር እምብዛም አትዘልም። ስታቲስቲክሱ ምዕራብ እስያ ይላታል፣ በምርጫው የእስያና የፓስፊክ ቡድን ውስጥ ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሙሉ አባል ናት። የስታቲስቲክስ ክፍሉ ራሱ ምደባው ለስታቲስቲክስ ሥራ እንዲያመች የተደረገ እንጂ ስለ አገሮች ፖለቲካዊም ሆነ ሌላ ወገንተኝነት ምንም እንደማያመለክት በግልጽ ጽፏል። እኛ ግን ያንን ማሳሰቢያ ትተን ሰንጠረዡን ብቻ እየጠቀስን ሰው እናሳግዳለን!

እነዚህ ሁሉ ምደባዎች ባለቤት አላቸው፣ ዓላማም አላቸው። አንዱ የሕዝብ ቁጥር ለመደመር፣ ሌላው ድምፅ ለማከፋፈል፣ ሌላው ውድድር ለማዘጋጀት የተሠራ ነው። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2024 ጀርመን ላይ በተካሄደው የአውሮፓ እግር ኳስ ዋንጫ ተጫውታለች፤ እሥራኤልና ካዛኪስታንም የዚያው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር አባላት ናቸው። ባለቤቱን ቆርጠን ጥለን «ይህች አገር የእስያ ናት» ብለን ደረቅ ፍርድ ስንጽፍ ገለልተኛነታችንን ያጣነው እኛ ነን፤ ሊያርመን የመጣው ሰው ደግሞ በተራው ባለቤት የሌለው ሌላ ፍርድ ይጽፋል።

«በሁለት አህጉራት መገናኛ ላይ የምትገኝ» የሚለው ማስታረቂያም ብዙ አያረካኝም። ለጆርጂያ ሊያስኬድ ይችላል። ሆኖም በብዙ ገጾች ላይ የገባው ተከራካሪዎቹ ስለደከሙ ነው፤ በስምምነት ስም የተጻፈ ነገርም ምንጭ ያስፈልገዋል። ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ሲቀመጥ «ለእርሷ ከሆነ ለእኛስ?» የሚል ሙግት ከገጽ ወደ ገጽ ይዛመታል፤ ከጆርጂያ ወደ አርሜኒያ፣ ከአርሜኒያ ወደ ቆጵሮስ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አገሪቱን በባሕሯ፣ በተራራዋና በጎረቤቶቿ ያስቀምጣት። ለምሳሌ፦ «ጆርጂያ ከጥቁር ባሕር በስተምሥራቅ፣ በካውካሰስ ተራሮች አካባቢ የምትገኝ፣ ከሩሲያ፣ ከአዘርባጃን፣ ከአርሜኒያና ከቱርክ ጋር የምትዋሰን አገር ናት።» ከጆርጂያ ተገንጥለናል የሚሉት የአብካዚያና የደቡብ ኦሴቲያ ጉዳይ የራሱ ከባድ ክርክር አለው፤ እርሱን እዚህ አልነካውም። ከዚያ ወረድ ብሎ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን ዓላማ ወዴት እንደሚመድባት የሚዘረዝር ክፍል ይጻፍ። የሕዝቧ መሪዎች ስለ ራሳቸው ያሉትም ስማቸው ተጠቅሶ ይግባ፤ ዥቫኒያ የተናገረው በታሪክ የተመዘገበ ነገር ነው፣ ቦታም ይገባዋል።

አንባቢ አጭር መልስ ይፈልጋል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይፈልጋል። የፍለጋ ሞተሮችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም ብዙውን ጊዜ የሚወስዱት ያችኑ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። በውይይት ገጹ ላይ ያለውን ማመንታት ሁሉ ትተው እርሷን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ እዚያ የምናስቀምጣት ቃል ማንም ሲመረምራት የማትወድቅ መሆን አለባት።

ወደ ራሳችን ሥራ ልምጣ። ከሌላ ቋንቋ ገጽ ስንተረጉም፣ ከዋናው ገጽ ላይ በዚያች ሰዓት የነበረውን ምደባ እንዳለ እናመጣለን። በማግስቱ ዋናው ገጽ ይቀየራል፤ የእኛ ግን የአንድ ሙግት የአንድ ቀን ውጤት ይዞ ለዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሚካሄደው የአርትዖት ክፍለ ጊዜ ከጆርጂያ፣ ከቆጵሮስና ከኢስቶኒያ ገጾች እንድንጀምር እጠይቃለሁ። በሦስቱም ላይ እያንዳንዱ ምደባ ባለቤቱ ይጻፍለት፣ ባለቤት ያልተገኘለት ይውጣ። ከእኛ በኋላ መጥቶ የሚቀይር አዲስ አርታኢ ካለም ከመቀልበሳችን በፊት በውይይት ገጹ ላይ ሰላምታ ሰጥተን ምንጩን እንጠይቀው።

አመሰግናለሁ።