የሚቀረው አጥንት እንዳይሞት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቤቴ ሆኜ የማወራችሁ ለብዙ ዓመታት በኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነቴ ለሐኪሞች ሳቀብላቸው ስለኖርኩት፣ አጥንት ስለሚቆርጡ መሣሪያዎች ነው። የሰፈሬ ሰዎች ሥራዬን ሲሰሙ ስለ መጋዙ ስለት ይጠይቁኛል፤ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ትልቁ ጭንቀት ግን ከተቆረጠው አጠገብ የሚቀረውን አጥንት በሕይወት ማቆየት ነው።

አጥንት ደም የሚዘዋወርበት ሕያው አካል ነው። በሞተር የሚሠራ መጋዝ ሲቆርጠው ከፍትጊያው ሙቀት ይፈጠራል፤ ይህም 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ አጥንቱ ይጎዳል፣ የሞተ አጥንት ደግሞ በወጉ አይገጥምም፣ የገባበትም ብሎን ይላላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲቆርጥ ከጎኑ የቆመው ሰው በሲሪንጅ ኖርማል ሳላይን የተባለውን ንጹሕ የጨው ውሃ እያንጠባጠበ ያቀዘቅዘዋል፤ ይህን ሥራ እንደ ቀላል የሚያዩት አሉ፣ እኔ ግን ከመጋዙ እኩል አከብረዋለሁ። ምላጩ ከደነዘ ነገሩ ይብሳል፤ አልቆርጥ ሲለው ሐኪሙ ይጫነዋል፣ በተጫነው መጠንም ፍትጊያው ይበረታል። ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የተሠራ ምላጭ በዕቃ እጥረት ምክንያት ታጥቦና በአውቶክሌቭ፣ ማለትም ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም በሚያጸዳው ማሽን፣ አልፎ ሲመለስ ባየሁ ቁጥር የምሰጋው ለዚህ ነው፤ ጀርሙ ቢሞትም ስለቱ አይመለስም።

በመዶሻ ከሚመቱት መሣሪያዎች መካከል ኦስቲዮቶም የሚባለው አጥንት መቁረጫ ስለቱ በሁለቱም ጎን ስለተሳለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በአንድ ጎን ብቻ የተሳለው መሮ ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሮንጀር የሚባለው፣ አፉ የጎደጎደ ጉጠት፣ ነርቭ በሚቀርብበት ስፍራ አጥንቱን በጥቂት በጥቂቱ እየቆነጠረ ያነሳል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጂግሊ የተባለውን የሽቦ መጋዝ ነው። ጣሊያናዊው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሊዮናርዶ ጂግሊ እ.ኤ.አ. በ1894 ያስተዋወቀው ምጥ ለጠናባት ሴት የዳሌዋን አጥንት ከፊት ቆርጦ ለሕፃኑ መውጫ ለማስፋት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ራስ ቅል ተሻገረ፤ ሐኪሙ ሁለት ቀዳዳ ይበሳና የአንጎሉን ሽፋን ከሚጠብቅ ቀጭን ብረት ጋር ሽቦውን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው በአጥንቱ ሥር አሳልፎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሳበ ይቆርጣል። ሽቦው ተወጥሮ፣ ሁለቱ እጆች ተራርቀው፣ ረጋ ባለ ረጅም አሳሳብ ካልተሳበ ይታጠፍና ይበጠሳል። መብራት ሲጠፋ ሥራውን የማያቋርጥ መሣሪያ መሆኑም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ይኸው ሽቦ እጅና እግር ለመቁረጥም ያገለግላል፤ ለዚህ ሥራ ሳዘጋጀው ልቤ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው የልጅ ክንድ ደም ተቋርጦበት ጠቁሮ ሲመጣ፣ ስብራቱ ራሱ ሊድን ይችል እንደነበር እያወቅን እንቆርጣለን። ከተቆረጠም በኋላ ሹል ጫፍ ቆዳውን ከውስጥ እንዳይወጋውና ሰው ሠራሽ እጅ ለመግጠም እንዳያስቸግር ሐኪሙ የአጥንቱን ጫፍ በሞረድ ያለሰልሰዋል። በገላንም በዱከምም በአቃቂም የምትሰሙኝ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል አምጡት።