አቦል ፕላኔት ነው ወይስ አይደለም?

የተከበራችሁ የሥነ ፈለክ ማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎችም፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባዔያችን በደህና መጣችሁ። አምና ንግግር አስረዝመህ ምሳ አቀዘቀዝክብን ተብዬ ተወቅሻለሁ። ዘንድሮ አሳጥራለሁ።

በቅርቡ ሊነጋጋ ሲል እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ቴሌስኮፕ ተክለን ነበር። ጀልባቸውን የሚያዘጋጁ አንድ አሣ አጥማጅ ጠጋ አሉና ቬነስን አዩ። «ይቺማ የአጥቢያ ኮከብ ናት» አሉኝ። «ኮከብ አይደለችም ጋሼ፣ ፕላኔት ናት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ማን አለ?» አሉ።

ጥያቄው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እውነትም፣ ማን አለ?

ያለው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ፕራግ ላይ ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። ኅብረቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት፤ ድምፅ የሰጡት 424 ናቸው። በውሳኔው መሠረት ፕላኔት ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልጋል። በፀሐይ ዙሪያ መዞር አለበት። የራሱ ስበት ድቡልቡል እስኪያደርገው ድረስ መክበድ አለበት። በምሕዋሩ፣ ማለትም በሚዞርበት መንገድ፣ አካባቢ ያሉትንም ሌሎች አካላት ማጽዳት አለበት። ፕሉቶ ሦስተኛው ላይ ወደቀችና ድንክ ፕላኔት ተባለች።

ዘጠኙን ፕላኔቶች በቃላችን ሸምድደን ላደግን ሰዎች ነገሩ ከበደን። ግን ሳይንቲስቶቹም ዝም ብለው አልተነሱባትም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኤሪስ የተባለች ሌላ አካል ተገኘች። በስፋት ከፕሉቶ ጋር ተቀራራቢ ናት፤ በክብደት ደግሞ ከሩብ በላይ ትበልጣታለች። ወይ ሁለቱም ይግቡ፣ ወይ ሁለቱም ይውጡ ነው ነገሩ። ከዚህ በፊትም ተደርጓል። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፒያዚ እ.ኤ.አ. በ1801 መጀመሪያ ቀን ያገኛት፣ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞረው ሴሬስ ለዓመታት ፕላኔት ስትባል ቆይታለች። ጎረቤቶቿ ሲበዙ ከዝርዝሩ ወጣች። ለሴሬስ ግን ያለቀሰ ሰው አልሰማሁም።

እኔን የሚከነክነኝ ሦስተኛው መስፈርት ነው። «ማጽዳት» ሲባል እስከ ምን ድረስ? ጁፒተር እንኳ ከፊቱና ከኋላው በሺዎች የሚቆጠሩ አስትሮይዶች፣ ማለትም ትንንሽ የሰማይ አካላት፣ አስከትሎ ነው በአንድ ምሕዋር የሚዞረው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የመጀመሪያው ነው። በ2012 ዓ.ም. ይኸው ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት ሰጥቶ ስም አውጡ ሲል፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውን ደግሞ «አቦል» አለች። ቡና በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ ነው። ግን የሚዞረው ቡናን እንጂ ፀሐይን አይደለም! የፕራጉን ጽሑፍ ቃል በቃል ከያዝን አቦላችን ፕላኔት አይደለም ማለት ነው። ኅብረቱ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሌላ ጊዜያዊ ትርጉም አለው፤ ክብደታቸው ከጁፒተር 13 እጥፍ ገደማ በታች ይሁን ይላል። በዚያ በኩል አቦል ያልፋል። እፎይ!

ስም አወጣጡም የራሱ ሕግ አለው። ቬነስ ላይ ያሉ ጉድጓዶች የሚጠሩት በሴቶች ስም ነው። ማርስ ላይ ትንንሾቹ በከተሞች ይሰየማሉ፤ የከተማው ሕዝብ ግን ከ100 ሺህ ገደማ ማነስ አለበት። ሐዋሳ ይህን ቁጥር ድሮ አልፋዋለች፣ ተስፋ ቁረጡ። የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ ግን የሐይቆች ስም የሚወሰደው ከምድር ሐይቆች ነው። ፈሳሹ ውኃ ሳይሆን ሚቴንና ኢቴን ነው፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ገደማ። እዚያ ከተሰየሙት አንዱ አባያ ነው። አዎ፣ የአርባ ምንጩ አባያ! ከአርባ ምንጭ የመጣችሁ እንግዶች ዛሬ ደረታችሁን ብትነፉ አልቀየምም። ትንሽ ግን ቀንቻለሁ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አምና ለሕዝብ ባዘጋጀናቸው ፖስተሮች አንዱ ላይ «ፈለክ»፣ ሌላው ላይ «ፕላኔት» ብለን ጻፍን። አንድ ተማሪ «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ሲለኝ የምለው ጠፋኝ። ዘንድሮ አንዱን እንምረጥ። እኔ «ፕላኔት» ነው የምለው፤ ሰው በአፉ የሚለው እሱን ነውና። ፕሉቶንም «ድንክ ፕላኔት» እንበላት፣ «የተባረረችው» ማለቱን እንተው። ጋሼ ሐይቁ ዳር ደግመው «ማን አለ?» ቢሉኝ፣ ቢያንስ ስለ ቃሉ መልስ ይኖረኛል።

ከሻይ እረፍት በኋላ እጅ በማውጣት እንወስናለን። 424 ሰው የለንም፤ ጸሐፊያችን ግን ምልዓተ ጉባዔው ተሟልቷል ብላኛለች።