ለሳንባ ስካን የሚቀርብ ታካሚ ምን ይጠብቀዋል?

የተከበራችሁ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና የሙያ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ የምናገረው በኑክሌር ሕክምና ክፍል ስለሚካሄደው የሳንባ የአየርና የደም ዝውውር ስካን ነው። ሐኪም ይህን ምርመራ ሲያዝ ብዙ ታካሚ «ኑክሌር» እና «ጨረር» የሚሉትን ቃላት ይሰማና የቀረው ማብራሪያ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንደ እኔ አመለካከት ግን በዚህ ምርመራ ከጨረሩ ይልቅ የታካሚውን ትኩረት የሚሹት፣ አስቀድሞ ለባለሙያው የሚነግራቸው ነገሮችና በምርመራው ሰዓት የሚተነፍስበት መንገድ ናቸው።

ሳንባ ሥራውን የሚያከናውነው አየርና ደም በየክፍሉ ሲገናኙ ነው። አየር የገባበት ክፍል ደም ካልደረሰው፣ ወይም ደም የደረሰው ክፍል አየር ካላገኘ፣ ኦክስጅን በሚገባ ወደ ደም አይሻገርም። ራጅ የሳንባን መልክ ያሳያል እንጂ ስለዚህ መገናኘት ብዙም አይናገርም። ስካኑ ግን አየር የደረሰበትን አንድ ምስል፣ ደም የደረሰበትን ሌላ ምስል ይሰጣል፤ ሐኪሙም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነጻጽራል። አየር እየገባበት ደም የተቋረጠበት ክፍል ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ከእግር ደም ሥር ተነሥቶ ወደ ሳንባ የተጓዘ የረጋ ደም መንገዱን ዘግቶታል ተብሎ ይጠረጠራል። አየሩም ደሙም በአንድ ስፍራ ከቀነሱ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሳንባ ምች ወይም ሥር ወደ ሰደደ የሳንባ በሽታ ያደላል። ከሳንባቸው ከፊሉ በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው ለታቀደ ታካሚዎችም፣ የሚቀረው ክፍል ምን ያህል ሥራ ሊሸከም እንደሚችል ለመገመት ይኸው ምርመራ ይታዘዛል።

«ታዲያ ለምን በሲቲ ስካን አይታይም?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። የረጋ ደምን ለመፈለግ ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች ቅድሚያ የሚሰጠው ሲቲ ስካን ነው፤ ፈጣን ከመሆኑም በላይ ሌሎች የደረት ችግሮችን አብሮ ያሳያል። ነገር ግን አዮዲን ያለበት መድኃኒት በደም ሥር መስጠትን ይጠይቃል፤ ይህም ኩላሊቱ ለተዳከመ ወይም ለመድኃኒቱ አለርጂ ላለበት ሰው አይመችም። የአየርና የደም ስካኑ ይህን መድኃኒት አይፈልግም፤ ጡት ላይ የሚያርፈው ጨረርም ያነሰ ስለሆነ ለወጣት ሴቶች ብዙ ጊዜ ይመረጣል። የቆየ የረጋ ደም በሳንባ ደም ሥሮች ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ፈጥሮ እንደሆነ ለመለየትም በመጀመሪያ የሚመከረው ይኸው ስካን ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። መጾም አያስፈልግም፤ ሐኪማችሁ ካልከለከላችሁ በቀር መድኃኒታችሁንም እንደ ወትሮው ትወስዳላችሁ። ውጤቱን ለማንበብ የቅርብ ጊዜ የደረት ራጅ ስለሚያስፈልግ፣ ከሌላችሁ በዚያው ቀን ልትነሡ ትችላላችሁ። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ፣ ጡት የምታጠባ እናት ከሆነች፣ በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ክፍተት እንዳለ ከታወቀ፣ ወይም የሳንባ ደም ግፊት ከፍ ያለ እንደሆነ ከተነገራችሁ፣ ይህንን ሳትጠየቁም ቢሆን ንገሩን፤ ምክንያቱም የምንሰጠውን መርፌ መጠንና ይዘት እንድናስተካክል ያስገድደናል። የምታጠባ እናት ለተወሰኑ ሰዓታት ማጥባቷን እንድታቆም ስለምትመከር፣ ወተቷን አልባ አስቀድማ ብታስቀምጥ ትጠቀማለች።

ምርመራው ብዙ ጊዜ በአየሩ ይጀምራል። ጭንብል ይደረግላችኋል ወይም በከንፈራችሁ የምትይዙት ቱቦ ይሰጣችኋል፤ አፍንጫችሁም በመቆንጠጫ ሊያዝ ይችላል። በቱቦው የሚመጣው ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ጋዝ ወይም ጉም መሰል ርጭት ነው። እዚህ ላይ ሥራው በአብዛኛው የእናንተ ነው። ከንፈር ላልቶ አየሩ በጎን ካመለጠ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ያንሳል፤ ምስሉም ደብዛዛ ይሆናል። ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሰው ቱቦ በአፉ ሲገባ መጨነቁ ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት በባዶው ቱቦ ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ እንዲለምደው መጠየቅ ይችላል፣ ባለሙያውም ደስ እያለው ያደርገዋል።

ቀጥሎ መርፌው ይመጣል። በጀርባችሁ ተኝታችሁ በረጅሙ እየተነፈሳችሁ በክንድ ደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ቁጭ ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ደሙ ወደ ሳንባው ግርጌ ስለሚያደላ ምስሉ ያዘነበለ ይሆን ነበር። መርፌው ከሰው ደም ፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ይዟል፤ እነዚህም ቴክኒሺየም 99 ኤም በሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ምልክት የተደረገባቸው ናቸው። ቅንጣቶቹ በሳንባው ጠባብ ደም ሥሮች ላይ ይቆማሉ። «ታዲያ ይዘጉታላ!» ብላችሁ ብትደነግጡ አልፈርድባችሁም፤ ነገር ግን የሚይዙት ከብዙ ሚሊዮን ደም ሥሮች ኢምንቱን ብቻ ነው፤ በሰዓታትም ውስጥ ተሰባብረው ይወገዳሉ። ባለሙያው ደም ወደ ስሪንጁ መልሶ እንዳይስብ ሲጠነቀቅ ብታዩ ምክንያት አለው፤ ደሙ በስሪንጁ ውስጥ ከቅንጣቶቹ ጋር ከረጋ በምስሉ ላይ ሐሰተኛ ነጥብ ይፈጥራል።

ካሜራው ወደ ደረታችሁ በጣም ተጠግቶ ቀስ ብሎ ይዞራል። እሱ ራሱ ጨረር አይለቅም፤ ከእናንተ የሚወጣውን ይቀበላል እንጂ። ክንዳችሁን ወደ ላይ አንሥታችሁ ሳትንቀሳቀሱ ብዙ ደቂቃ መቆየት ይኖርባችኋል፤ ትከሻችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ደጋፊ ትራስ እንዲደረግላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ትንፋሽ መያዝ ግን አያስፈልግም። ጠቅላላው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ስለ ጨረሩ መጠን በቁጥር ልናገር። አንድ ስካን በአማካይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር የሚለካበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል፤ በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው አማካይ መጠን ደግሞ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ቴክኒሺየም 99 ኤም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከ16 እጅ አንዱ እጅ ብቻ ይቀራል፤ ውኃ መጠጣትና ቶሎ ቶሎ መሽናት ደግሞ ከዚያም ያሳንሰዋል። ሰሞኑን በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ፣ የፍተሻ መሣሪያ ጨረሩን ሊያገኘው ስለሚችል ከክፍሉ ማስረጃ ያዙ።

ውጤቱን የሚያነበው የኑክሌር ሕክምና ሐኪሙ ስለሆነ፣ ካሜራውን የሚሠራው ባለሙያ ፊት ላይ ትርጉም አትፈልጉ። የደም ዝውውሩ ምስል ሙሉ በሙሉ ጤናማ ከሆነ ለሕይወት የሚያሰጋ የረጋ ደም የመኖሩ ነገር እጅግ አነስተኛ ነው። ነባር የሳንባ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ግን ውጤቱ «አልለየም» የሚል ሊሆን ይችላል፤ ይህ የምርመራው ወሰን እንጂ የታካሚው ጥፋት አይደለም፤ ሐኪሙም ሲቲ ስካን ወይም የእግር ደም ሥሮች አልትራሳውንድ ሊያዝ ይችላል። ውጤቱን እየጠበቃችሁ ሳለ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከበረታባችሁ፣ ወይም ደም ከሳላችሁ፣ የውጤቱን ቀን ሳትጠብቁ በአፋጣኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።