ውሃው የሚያርፍበት ቦታ እንስጠው

የተከበራችሁ የነዋሪዎች ኮሚቴ አባላት፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አላችሁ?

ክረምቱ ደርሷል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው በእነዚህ በሚመጡት ወራት ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ላይ የዘነበው በቀበና፣ በግንፍሌና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ታች ሰፈር ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ገጠር ላይ ይህን ነገር እናውቅበታለን። ገበሬው እርከን የሚሠራው ውሃው እንዳይሮጥ ብሎ ነው። ኮንሶዎች በዚህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ ኖረዋል። ከተማ ስንገባ ግን ተቃራኒውን እናደርጋለን። ጣሪያ፣ አስፋልት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ፣ ከዚያ ቱቦ። ጭንቀታችን ሁሉ ውሃው ቶሎ ከደጃችን እንዲሄድልን ነው። ቱቦው ሲጠብ ሰፋ ያለ እንቀብራለን። እሱም ጎርፉን ይበልጥ አፍጥኖ ከታች ላሉት ወገኖቻችን ያደርሰዋል። ይህ ትክክል አይደለም።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው አልልም። ዛሬ ግን ስለ ጎርፍ ማቆያ ኩሬ ልንገራችሁ።

አንድ ሄክታር የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳይት እንውሰድ። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 300,000 ሊትር ወርዷል። መሬቱ ሣርና ዛፍ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ይጠጣው ነበር። አሁን ግን 250,000 ሊትር ያህሉ ይፈስሳል እንበል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከወጣ በሴኮንድ 70 ሊትር ገደማ ነው። ኩሬ ውስጥ ገብቶ በ24 ሰዓት ቀስ እያለ ከወጣስ? በሴኮንድ 3 ሊትር አይሞላም። የውሃው መጠን ያው ነው፤ የተቀየረው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ድልድይ የሚነቅለውና አጥር የሚያፈርሰው ግን ይኸው ፍጥነት ነው። ለዚህ የሚበቃው ኩሬ አንድ ሜትር ተኩል ቢጠልቅ ስፋቱ ከመረብ ኳስ ሜዳ ብዙም አይበልጥም።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። መግቢያው ላይ አሸዋና ቆሻሻ የሚጠራቀምባት ትንሽ ጉድጓድ ትኖራለች። ቀጥሎ ዋናው ኩሬ አለ። መውጫው ሆን ተብሎ ጠባብ ይደረጋል፤ ሚስጥሩ ያለው እዚያ ነው። ከላይ ደግሞ ኩሬው ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ውሃው ግድቡን ሳይንድ የሚተነፍስበት ሰፊ መፍሰሻ ሊኖረው ግድ ነው። አንዳንዱ ኩሬ ዝናብ ሲያባራ ይደርቃል፤ በበጋ ልጆች ኳስ ሊጫወቱበት ይችላሉ። ሌላው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይይዛል፤ ዳር ዳሩን ቄጠማ ይበቅልበታል።

ውሃው ሲያርፍ ደለሉም ይዘቅጣል። ከመንገድ ታጥቦ የመጣው የጎማ ብናኝና ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ዘይት አብረውት ይወርዳሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ እኛው ገበታ ላይ ይቀርባል። አባ ሳሙኤልንም አስታውሱ። ከሀገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ከላይ ከከተማው የሚወርደው ደለልና ቆሻሻ ሐይቁን ሞላው፣ እንቦጭም ወረሰው። ደለል እዚህ ላይ ካልተያዘ የሆነ ቦታ መከመሩ አይቀርም።

አሁን ወደ ስጋቶቻችሁ ልምጣ። ትንኝስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ ድሬዳዋን ለመሰለ ሞቃት ከተማ። እዚያ የሚሠራ ማቆያ ኩሬ በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሶ መድረቅ አለበት። ልጆችስ? ዳሩ ገደል መሆን የለበትም፤ ጠፍጠፍ ብሎ የሚወርድ፣ የገባ ልጅ በእግሩ ሊወጣበት የሚችል ይሁን። አጥር ብቻውን አያድንም።

ድሬዳዋን ካነሳሁ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ጎርፍ የሰፈር ኩሬ አይመልሰውም። እሱ ተራራውን ማልማት፣ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት መዘርጋትና ከወንዝ ዳር ቤት አለመሥራት ይጠይቃል። ኩሬ የሚያግዘን በየክረምቱ ለሚደጋገመው፣ ቤት ለሚያረጥበውና መንገድ ለሚቆርጠው ጎርፍ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ጽዳቱ ነው። ያልተጠረገ ኩሬ በጥቂት ክረምት ሜዳ ይሆናል። አንድ ፌስታል መውጫውን ከደፈነው ደግሞ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ሦስት ነገር እንድንወስን እለምናችኋለሁ። በየሳይታችሁ ዝቅ ያለውን ባዶ ቦታ ለግንባታ ከመሸጡ በፊት መዝግቡት። ደለል መጥረጊያ ገንዘብ በየዓመቱ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ሥራው ግንቦት ሳያልቅ ይጠናቀቅ። ዝናብ በጣለ ቁጥር መውጫውን የሚያይ ሰውም ከነስሙና ከነስልኩ ዛሬውኑ መድቡ። ዲዛይኑን እኔና ባልደረቦቼ አብረናችሁ እንሠራለን።

አመሰግናለሁ።