ከእማማ ጋር ሦስት አገር፦ በየአገሩ የተበተነን ቤተሰብ ለማየት የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

[ምስል፦ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የቤተሰብ ፎቶግራፎች። ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ያልፋል።]

ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት «እግዚአብሔር ቢፈቅድ አንድ ቀን» እየተባለ ለዓመታት የሚቆይ ነው፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ተነስተው በየአገሩ ያለውን ዘመድ ማየት። ነገሩን በአንድ ቤተሰብ ምሳሌ እንከተለው። እማማ እያልን የምንጠራቸው የ76 ዓመት እናት አዲስ አበባ ውስጥ ከበኩር ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሁለተኛዋ ልጃቸው ፍራንክፈርት፣ ሦስተኛው ስቶክሆልም፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ተጓዦቹ አምስት ናቸው፤ እማማ፣ በኩሩ ልጅ፣ ባለቤቱ፣ የ14 ዓመት ሴት ልጃቸውና የ8 ዓመት ወንድ ልጃቸው።

ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚጀምረው የትኬት ዋጋ በመጠየቅ ነው። በእኔ እምነት ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከአምስቱ ሰዎች ወረቀቱ የሚያስቸግረው ማን ነው፣ ጉልበቱ የደከመውስ ማን ነው የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱም መልስ እማማ ናቸው፤ ስለዚህ ዕቅዱ ከእሳቸው ተነስቶ ወደ ሌሎቹ መሄድ አለበት።

[ምስል፦ አምስት ፓስፖርቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተከፍተዋል።]

ፓስፖርቶቹን እንዲህ ዘርግታችሁ ስትመለከቱ ለእኛ ግልጽ የሆነ፣ ለባዕድ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ታያላችሁ። የውጭው ሰው አንድ ቤተሰብ አንድ የጋራ ስም እንዳለው አድርጎ ያስባል። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ የሚለወጥ በመሆኑ፣ ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀጥል፣ እማማ፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና የልጅ ልጆቻቸው በአንድ ስም አይገናኙም። ዝምድናውን የሚያስረዳው የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ እነዚህ ተተርጉመውና ተረጋግጠው ዋናው ከኮፒው ጋር በእጅ መያዝ አለባቸው። ልጆቹ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዙ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሌላው ወላጅ ፈቃድ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ተፈርሞ መያዝ ነበረበት።

የእማማ ፓስፖርት ላይ ሁለት ነገር በጥንቃቄ ይታይ። አንደኛው የስማቸው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ሦስት ሰዎች በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት አድርገው ሊጽፉት ይችላሉ፤ ፍራንክፈርት ያለችው ልጅ መጀመሪያ እዚያ ስትመዘገብ የእናቷን ስም የጻፈችበት መንገድ ዛሬ ከምትልከው የግብዣ ደብዳቤ ጋር፣ ደብዳቤውም ከፓስፖርቱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁለተኛው የልደት ዘመን ነው። በ1942 ዓ.ም. የተወለዱት እማማ ቁጥሩ ሳይቀየር እንደ ፈረንጅ ዘመን ተወስዶ ከተጻፈ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሕክምና ወረቀታቸውና ፓስፖርታቸው የሁለት ሰው ይመስላል። እርማቱ ጊዜ ይወስዳልና ከሁሉ በፊት ይጀመር።

[ምስል፦ የአውሮፓና የአሜሪካ ካርታ። ከአዲስ አበባ የሚነሳ መስመር ቀስ በቀስ ይሳላል።]

አሁን ወደ ቪዛው እንለፍ። የጉዞውን ቅደም ተከተል የሚወስነው እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። ጀርመንና ስዊድን 29 አገሮች ባሉበት የሸንገን ቀጣና ውስጥ ስለሆኑ በአንድ ቪዛ ሁለቱንም መጎብኘት ይቻላል። ማመልከቻው የሚቀርበው ረዘም ላለ ጊዜ ለምትቆዩበት አገር ነው፤ ቤተሰባችን ስቶክሆልም 12 ቀን፣ ፍራንክፈርት 6 ቀን የሚቆይ ከሆነ የሚያመለክተው ለስዊድን ነው፤ ቀኑ እኩል ቢሆን ግን መጀመሪያ ለሚገባበት አገር ያመለክት ነበር። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት የተፈቀደ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተጓዥ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ሊኖረው ይገባል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከዚህ በተጨማሪ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚወስደው መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀርቷል። ይህ ማለት ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባል ማለት ነው። ከፍራንክፈርት ወጣ ብለን ለንደን ያለውን የአክስት ልጅ አይተን ወደ ስቶክሆልም እንሂድ ማለት አይቻልም፤ እንግሊዝ ከሸንገን ውጪ ስለሆነች ወደዚያ የተሻገሩ ዕለት የሸንገኑ ቪዛ አገልግሎቱን ጨርሷል። ለንደንን ማየት የግድ ከሆነ ቦታዋ ከሸንገን ከተሞች በፊት ወይም በኋላ ነው፤ ለእሷም የራሷ ቪዛ ያስፈልጋል።

የአሜሪካው ደግሞ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለ3 ወር የሚጸና ሆኗል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሦስቱ ወር የሚገባበት ጊዜ እንጂ የሚቆይበት ጊዜ አይደለም፤ ስንት ቀን እንደሚቆዩ የሚወስነው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓስፖርቱን የሚያየው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ነው። ሁለቱን ደንቦች አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው የዕቅዱ ቁልፍ ይገለጣል። የአሜሪካው ቪዛ ቀድሞ ከተያዘ የሦስት ወሩ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ የሸንገኑ 45 ቀን ከዚያው ላይ ይቆረጣል። ፓስፖርቱም በአንድ ጊዜ ሁለት ኤምባሲ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የአሜሪካውን የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ አስቀድሞ ማስያዝ፣ ቀኑን ግን የሸንገኑ መልስ ከሚጠበቅበት ጊዜ በኋላ ማድረግ ይሻላል። ደንቦቹ ተለዋዋጭ በመሆናቸው ከማመልከታችሁ በፊት የየኤምባሲውን ድረ ገጽ ራሳችሁ አንብቡ።

ከልቤ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ደላላ «እዚያ ዘመድ እንዳላችሁ አትናገሩ» ቢላችሁ አትስሙት። ቅጹ ላይ ዘመድ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ በሐሰት መልስ የተገኘ ሰው ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል፤ እማማም ልጃቸውን የማየት ተስፋቸው በአንድ የሐሰት ቃል ሊቀር ይችላል። ሊያስረዱ የሚገባቸው ተመልሰው የሚመጡ መሆናቸውን ነው፤ ቤታቸውን፣ ጡረታቸውን፣ የልጃቸውን ሥራ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት።

[ምስል፦ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን አንድ ላይ የታተመበት የግድግዳ ካላንደር። ሐምሌ ወር በእርሳስ ተከቧል።]

ወሩን ስንመርጥ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይገናኛል፤ የልጆቹ ትምህርት፣ የተቀባዮቹ የሥራ ፈቃድና የእማማ ጾም። ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ይፈታል፤ ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል። በመካከሉ አራት ሳምንት ያህል አለ፤ ይህም ስዊድን ውስጥ አብዛኛው ሠራተኛ ዕረፍት ከሚወጣበት ከፈረንጆቹ ጁላይ ጋር ይገጥማል። የጀርመን ትምህርት ቤቶች ዕረፍት እንደየክፍለ ሀገሩ ስለሚለያይ ፍራንክፈርት ያለችውን ልጅ ጠይቁ። የትኬት ዋጋ በዚህ ወቅት ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ዓመታት የተጠበቀው ማዕድ ላይ እማማ «ጾም ነው» ብለው ሳይቀምሱ ቢነሱ ለልጆቻቸው ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ተቀባዮቹ ፈቃዳቸውን ማቀናጀታቸው ከምንም በላይ አስፈላጊ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅና ባለቤቷ ሁለቱም ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱ ከሆነ፣ ቋንቋ የማያውቁት እማማ በአምስተኛ ፎቅ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፤ በሩ ቢንኳኳ አይከፍቱም፣ ምድጃውን አያውቁትም። እንዲህ ያሉ እናቶች በሁለተኛው ሳምንት «መልሱኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቀደም ብሎ ሰው ይመደብ፤ የቀን ፈረቃ የሌለው የአክስት ልጅ፣ አጠገብ የሚኖር የአገር ልጅ፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ።

ስለ ልጆቹም አንድ ያስደሰተኝን ልጨምር። ስቶክሆልም የተወለዱት የልጅ ልጆች ስዊድንኛና እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ እማማ ደግሞ ከአማርኛ በቀር አያውቁም። በመካከላቸው የምትቆመው ከአዲስ አበባ የሄደችው የ14 ዓመቷ ልጅ ናት። አያቷ ተረት ሲያወሩ እያቋረጠች ለአጎቷ ልጆች ታስተረጉማለች፤ የእነሱን ጥያቄም ወደ አያቷ ትመልሳለች። ይህን ሥራ አስቀድማችሁ ለእሷ ስጧት፤ በጉዞው ላይ እንደ ተጎታች ልጅ ሳይሆን እንደ ትልቅ ሰው ትውላለች።

[ምስል፦ የአውሮፕላን ትኬት በቅርበት። ጣት የመነሻ ሰዓቱን ያመለክታል።]

ትኬቱን ስታነቡ ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ ለእማማ ጻፉላቸው። ትኬቱ ላይ 00:15፣ ቀኑም ጁላይ 14 ተብሎ የተጻፈ በረራ ለእኛ ከሌሊቱ 6:15 ነው፤ ወደ ቦሌ የሚኬደው ግን ጁላይ 13 ማታ ነው። በዚህች ስሌት ስተው በማግስቱ ሻንጣቸውን እየጎተቱ የመጡ ሰዎች አሉ። ዊልቸር ትኬቱ ሲቆረጥ ይጠየቅ፤ ክፍያ የለውም፤ በራሳቸው የሚራመዱ እናትም ቢሆኑ የትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ርቀት ያደክማቸዋል። የደምና የስኳር መድኃኒታቸው ከነሐኪም ማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ኢንሱሊን በተለይ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል።

የመንገዱ ክብደት በመጨረሻ ላይ መሆኑንም ልብ በሉ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ከዚህ ወደ ዋሽንግተን በቀጥታ የሚሄድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ ወርዶ ይሞላል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቤተሰባችን ፍራንክፈርትን፣ ስቶክሆልምን፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግን ጎብኝቶ በዚህ በረራ ስለሚመለስ፣ እማማ ረጅሙን መቀመጥ የሚቀመጡት በደከሙበት ጊዜ ነው። ከመመለሻው በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ባዶ ይሁኑ፤ በረራው ላይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው እንዲራመዱ አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው ኃላፊነቱን ይውሰድ።

ባዶ ቀን ስል ለቅሶንም አስቡ። እማማ ዲሲ ሲደርሱ ባለፉት ዓመታት ሐዘን የደረሰበትን ዘመድ ሁሉ ሳይደርሱ አይመለሱም። ይህ የጉዞው ዋና ክፍል እንጂ ትርፍ አይደለም፤ ሙዚየም ቢቀር ይቅር፣ ለለቅሶው ቤት ግን አስቀድማችሁ ቀን ያዙለት።

ሻንጣውን በተመለከተ፣ ሥጋና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማስገባት ክልክል ነው፤ ቋንጣ ወደ አሜሪካም አይገባም። በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ከሆነ ስትጠየቁ «ይዘናል» በሉ። ጎረቤት አሽጎ የሚሰጠውን የአደራ ዕቃ ሳታዩት አትቀበሉ።

[ምስል፦ ካርታው ተመልሶ ይመጣል። መስመሮቹ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ተነስተው ናይሮቢ ላይ ይገናኛሉ።]

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የእማማ ቪዛ ሊከለከል ይችላል። ወይም ከልጆቹ አንዱ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚኖር ይሆንና ወደ ኢትዮጵያ መምጣት አይችልም። ያን ጊዜ ጉዞውን ከመሰረዝ ይልቅ አቅጣጫውን መቀየር ይቻላል፤ ኢትዮጵያውያን ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ ናይሮቢም ከቦሌ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ የሚወስድ በረራ ነው። የጀርመን፣ የስዊድንና የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙት ልጆች ከመነሳታቸው በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ያወጣሉ፤ በስደተኛ ሰነድ የሚጓዘው ደግሞ ለእሱ የሚያስፈልገውን ቀድሞ ይጠይቃል። ሁሉም የሚያድሩበት አንድ ሰፊ ቤት ከነወጥ ቤቱ ተከራይተው ለአሥር ቀን አብረው መክረም ይችላሉ። ለእማማ የሚያስፈልጓቸው ፓስፖርታቸውና ከመነሳታቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተከተቡበት የቢጫ ወባ ካርዳቸው ናቸው።