ዓይኑ አምሯል፣ ሰውየው ግን እሱ አይደለም

ዛሬ የደወሉልን አድማጮች በዘይት ቀለም የሰው ፊት መሣል የጀመሩ ናቸው።

አድማጭ፦ የአባቴን ፊት ከፎቶ እያየሁ እየሣልኩ ነው። ዓይኑ ላይ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀሁ። ዓይኑ አምሯል፤ አባቴን ግን አይመስልም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዓይን መጀመርዎ ነው ያሳሳተዎት። የምናውቀውን ሰው ዓይኑ ሳይታየን ከሩቅ እንለየዋለን አይደል? የምንለየው በጭንቅላቱ ቅርጽና ጥላው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ፎቶውን ዓይንዎን ጠበብ አድርገው ይዩት። ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ሁለት ሦስት ትልልቅ ጥላዎች ይቀራሉ። አንዱ ከቅንድብ ሥር ተነስቶ በአፍንጫው ጎን ይወርድ ይሆናል። መጀመሪያ እሱን በተርፐንታይን በቀጠነ ቡናማ ቀለም ሸራው ላይ ያስቀምጡ። በርንት አምበር የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ ቶሎ ስለሚደርቅ ለዚህ ይመቻል። ልኩንም ይፈትሹ። ዓይን የሚውለው ከራስ አናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው፤ ጀማሪ ግን ወደ ላይ ይሰቅለውና ግንባሩን ያሳጥረዋል። ሥዕሉን በመስታወት ሲያዩት የተንጋደደው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያ የለፉበት ዓይን ያለቦታው ከሆነ ይፋቁት። እንደሚያም አውቃለሁ፤ ግን ይፋቁት።

አድማጭ፦ ጠይም ቆዳ ስሥል ብርሃን ያረፈበትን በነጭ አፈካዋለሁ። አመድ የነሰነስኩበት ይመስላል።

መልስ፦ ነጭ ቀለም ማፍካት ብቻ ሳይሆን ያቀዘቅዛል፤ የቆዳውን ሙቀት ይወስድብዎታል። ነጩን ሲጨምሩ ትንሽ የሎው ኦከር የሚባለውን አፈር መሳይ ቢጫ ወይም ቀይ አብረው ይጨምሩ። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ደም ስለሚበዛባቸው ቀላ ይላሉ። ግንባር ላይ የምታብረቀርቀው ነጥብ ግን ብርሃኑ ከመስኮት ከመጣ ሰማያዊ ቢጤ ናት። እሷን በአንድ የብሩሽ ጫፍ አስቀምጠው ይተዉአት፤ አያሹአት። ቀለም ማብዛትም አያስፈልግም። የስዊድኑ ሠዓሊ አንደርስ ዞርን (1860–1920 እ.ኤ.አ.) ስሙ የሚነሳው በአራት ቀለም ነው፦ ነጭ፣ ኦከር፣ ቀይና ጥቁር። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አድማጭ፦ ሥዕሌ ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

መልስ፦ ከሥር ዘይት አብዝተው ይሆናል። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው። ላዩ ቀድሞ ከደረቀ፣ ሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል። የሥሩ ቀጠን ያለ፣ የላዩ ዘይት ያለው ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨባብጠው አይጣሉ። በራሱ ግሎ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።